ሞተር ቆመ ማለት ሰመጠ ማለት አይደለም፦ በትንሽ ጄት ውቅያኖስ መሻገርን ለኮነነው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር የሰነበተች አንዲት ጽሑፍ አለች። «በትንሽ የግል ጄት ውቅያኖስ መሻገር ራስን ማጥፋት ነው» ትላለች። ለእኔ አምስት ሰው ልኮልኛል። አራቱ ሙያዬን ስለሚያውቁ «እስቲ እያት» ብለው ነው። አምስተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ጅማ አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው። በጠዋት ስልኳን እንደያዘች በሬን አንኳኳችና «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ባህር ላይ ሊቀርብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

ልጇ ውጭ አገር የፓይለትነት ትምህርቱን ጨርሷል። አንድ ባለሀብት በግሉ የገዛት ትንሽ ጄት አለች፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከአሜሪካ አውሮፓ ትመላለሳለች። ልጁ በእሷ ላይ ረዳት ፓይለት እንዲሆን ተጠይቋል። እናቱ ወሬውን የሰማች ቀን ሰፈሩን በሙሉ ቡና ጠርታ ነበር። ይቺን ጽሑፍ ካነበበች ወዲህ ግን «ይቅርብን» ብቻ ሆኗል ቃሏ።

እኔ ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ በበረራ ዲስፓቸርነት ሠርቼ ነው ወደ ጅማ የተመለስኩት። ዲስፓቸር ማለት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ስንት ነዳጅ ይያዝ፣ በየት በኩል ይለፍ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ የት ይረፍ የሚለውን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የዕለት እንጀራዬ ነበር። ዝም ብዬ ባልፈው ለጎረቤቴ ፊት የለኝም።

መጀመሪያ የጽሑፏን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚለው ይሄን ነው። ትንሽ ጄት ያለው ሁለት ሞተር ብቻ ስለሆነ አንዱ ባህር ላይ ከቆመ አለቀ። ነዳጁ ለክፉ ቀን አይተርፍም፤ መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ መመለስም መድረስም የለም። ባህር መሃል ራዳር ስለሌለ የት እንደወደቅክ የሚያውቅ አይኖርም። ውሃ ላይ አርፎ መትረፍ የሚባለው ተረት ነው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ቶሎ ይገድላል፣ ጃኬቱም ጀልባውም ለማጽናኛ የተቀመጡ ናቸው፤ ለዚህ የእኛኑ የኮሞሮስ አደጋ ይጠቅሳል። ብዙዎቹን የሚያበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። የግል በረራን የሚቆጣጠር ሕግም የለም። ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው ደግሞ በ2022 ባልቲክ ባህር ላይ የወደቀችውን ትንሽ የሴስና ጄት ነው። (እኔም የማነሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው ለሰው አስቦ እንደጻፈ አልጠራጠርም። አጻጻፉም ጥሩ ነው። ከነጥቦቹ አንዱን ከሞላ ጎደል እቀበለዋለሁ፤ በሌሎቹም ውስጥ እውነት ያለው ነገር አለ። ዋናው መደምደሚያ ግን ውሃ አያነሳም።

ከሞተሩ እንጀምር። «አንዱ ከቆመ አለቀ» የሚለው አባባል ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን ለመብረር ሁለቱም የግድ እንደሚያስፈልጉት አድርጎ ነው የሚያስበው። ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ሞተር ያለው ጄት ገና ፈቃድ ሳያገኝ፣ ሊነሳ ሲል አንዱ ሞተር ቢቆም በቀረው ብቻ መውጣት እንደሚችል ማሳየት አለበት። ከፍታ ላይ እያለ አንዱ ቢቆም ደግሞ እንደ ድንጋይ አይወርድም። ቀስ እያለ አንዱ ሞተር ሊሸከመው ወደሚችል ከፍታ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይበራል። ሰዓታት መብረር ይችላል። ፓይለቱ ያለበት ችግር «ልወድቅ ነው» ሳይሆን «የቱ ሜዳ ይቀርበኛል» ነው።

ደግሞስ ዛሬ አትላንቲክን የሚሻገሩት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ስንት ሞተር አላቸው? የአየር መንገዳችን 787፣ 777፣ ኤርባስ 350፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከ60 ደቂቃ በላይ እንዳይርቅ የሚል ደንብ ነበር። በ1985 ነው አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ቦይንግ 767ን እስከ 120 ደቂቃ እንዲርቅ ተፈቅዶለት አትላንቲክን በዚያ ደንብ የተሻገረው። ሞተሮቹ አስተማማኝ መሆናቸው በቁጥር ስለታየ ነው ደንቡ የላላው።

አንድ ቅርብ ምሳሌ ልጨምር። ጅማ ኤርፖርት የሚያርፈውን ቦምባርዲየር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ፕሮፔለር ያለው፣ ከላያችን ሲያልፍ ድምፁን ሰምተን «የአዲስ አበባው ገባ» የምንለው። ኪው 400 ነው። ይሄ አውሮፕላን ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው የተገጣጠመው። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያውን የተረከበው በ2010 ነው። ሙሉ ጭኖ በአንድ ጊዜ የሚሄደው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ እዚህ እንዴት ደረሰ? በመርከብ ተጭኖ አልመጣም። በራሱ ክንፍ፣ በሁለት ሞተር፣ እያረፈ እየተነሳ አትላንቲክን ተሻግሮ ነው። ጸሐፊው «ራስን ማጥፋት ነው» ያለውን ነገር የሠራ አውሮፕላን ከበራችን ላይ ያርፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ቢያነሳው ኖሮ ትክክል የሚሆንበት አንድ ነገር አለ። ለአየር መንገዶች ደንቡ ጥብቅ ነው። ከማረፊያ እስከ 180 ደቂቃ ለመራቅ ፈቃድ የሚፈለገው የሞተር አስተማማኝነት በ1,000 የሞተር ሰዓት 0.02 መቆም ነው፤ በ50 ሺህ ሰዓት አንድ እንደማለት። በግሉ የሚበር ባለጄት በዚህ ደንብ አይገደድም። ስለዚህ የሞተሩ ጤንነት በባለቤቱ የጥገና ጠባይ ላይ ይወድቃል። ይሄ እውነተኛ ልዩነት ነው፣ አልክደውም።

የሚገርመኝ ጸሐፊው ሞተር ሞተር ሲል ከዚያ የከፋውን ጨርሶ ሳያነሳው ማለፉ ነው። እኛ ስናሰላ ከሞተር መቆም ይልቅ የሚያስጨንቀን የካቢን አየር ግፊት መጥፋት ነበር። ትንሽ ጄት እስከ 45 ሺህ ጫማ ይወጣል። እዚያ ላይ የካቢኑ አየር በድንገት ቢወጣ ሰው አእምሮው የሚሠራለት ከ15 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት የኦክስጅን ጭንብል ፊት ላይ መግባት አለበት። ከዚያ ያለ ጭንብል መተንፈስ ወደሚቻልበት፣ ወደ 10 ሺህ ጫማ መውረድ ይመጣል። እዚህ ነው ጣጣው። ጄት ሞተር ዝቅ ብሎ ሲበር ነዳጅ ይጠጣል። በያዘው ነዳጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በባህር ላይ ጉዞ የነዳጁን ልክ የሚወስነው ይሄ ስሌት ነው። ሞተር ቢቆም የሚበቃ ነዳጅ፣ ግፊት ቢጠፋ ላይበቃ ይችላል።

የባልቲክ ባህሩም ነገር ከዚሁ ከግፊት መጥፋት ጋር ሳይሄድ አይቀርም። አራት ሰው ያለቀበት አደጋ ነውና በጥንቃቄ ነው የማነሳው። ሴፕቴምበር 4፣ 2022 በ1979 የተሠራች ሴስና 551 ከስፔን፣ ከሄሬዝ ተነስታ ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ነበር የምትሄደው። መንገድ ላይ ግንኙነቷ ተቋረጠ። የተላኩት ተዋጊ ጄቶች ኮክፒቱ ውስጥ ሰው አላዩም። አውሮፕላኗ ኮሎኝን አልፋ ቀጥ ብላ ስትበር ቆይታ ላትቪያ አጠገብ ባህር ውስጥ ገባች። እስቲ አስቡት። የጉዞው እቅድ ባልቲክን መሻገር አልነበረም። ባህሩ መጨረሻዋ የሆነው ማንም ሳይመራት ብዙ ስለበረረች ነው። አቅጣጫዋ ወደ ሌላ ቢሆን ተራራ ላይ ትወድቅ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ልቡ ቆሞ መኪናው አዋሽ ውስጥ ቢገባ «አዋሽን መሻገር ይገድላል» አይባልም። ከዚህ አደጋ ባለጄት የሚማረው ብዙ ነገር አለ፤ ስለ ውቅያኖስ ግን አንድም አያስተምርም።

አሁን ወደ ነዳጁና ወደ «መሃል መንገድ» እንሂድ። ለጎረቤቴም ረጅም ሰዓት የወሰደብኝ ይሄ ነው፤ ረከቦቱ ፊት ተቀምጠን፣ በአንድ የደብተር ወረቀት ላይ።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የተጓዘ ሰው ጊቤን ያውቀዋል። ከወልቂጤ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ትሻገራለህ፣ ከዚያ ወደ አበልቲ ሽቅብ ነው። ድልድዩ ጋ አንድ ተሳፋሪ ታመመ እንበል። ሹፌሩ ወደ ወልቂጤ ይመለስ ወይስ ወደ ሶኮሩ ይቀጥል? ጥሩ ሹፌር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። የትኛው ዳገት እንደሚያንፏቅቅ፣ የቱ ጋ መንገዱ እንደተበላሸ ያውቃል፤ ቶሎ ወደሚያደርሰው ይሄዳል። ለሁለቱም እኩል ሰዓት የሚፈጅበት አንድ ቦታ አለ። ያ ቦታ የመንገዱ እኩሌታ ላይሆን ይችላል።

ባህር ላይም ልክ እንደዚሁ ነው። ዳገቱ ነፋስ ነው። እኩል ሰዓት የሚፈጅበትን ነጥብ ገና ሳይነሱ ያሰሉታል። ስሌቱን ጎረቤቴ ራሷ ነው የሠራችው፣ የስልኳን ካልኩሌተር አውጥታ። ከካናዳ ሴንት ጆንስ እስከ አየርላንድ ሻነን ወደ 3,100 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሞተር ቆሞ በሰዓት 550 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል፣ ነፋሱ ከኋላ በሰዓት 100 ይገፋል። ወደፊት 650 ይሄዳል፣ ወደኋላ ቢመለስ 450። 3,100ን በ450 አባዝተሽ ለ1,100 አካፍዪ አልኳት። 1,268 ወጣ። እኩሌታው 1,550 ነበር፤ ነጥቡ ግን ወደ ካናዳው ቀርቧል። ከዚያች ነጥብ በፊት ችግር ከመጣ ትመለሳለህ፣ ከዚያ በኋላ ትቀጥላለህ። እዚያው ነጥብ ላይ ቢመጣ፣ ወደ የትኛውም ብትሄድ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። የሚያዘው ነዳጅ ቢያንስ ያንን ይሸፍናል፤ በአንድ ሞተር አንድ ጊዜ፣ በ10 ሺህ ጫማ አንድ ጊዜ ተሰልቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ይያዛል። ካልተሸፈነ አይነሳም። «ለክፉ ቀን አይተርፍም» የተባለው ነዳጅ ከመጀመሪያውም የተሰላው ለዚሁ ክፉ ቀን ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንሽ ጄት በዚያ በረጅሙ መንገድ እንዲሄድ የሚያስገድደው የለም። አብዛኛው በሰሜን በኩል እያረፈ ነው የሚሄደው። ከካናዳ ጉዝ ቤይ እስከ ግሪንላንድ ናርሳርሱዋክ 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከናርሳርሱዋክ አይስላንድ ሬይካቪክ 1,240 ያህል። ከሬይካቪክ ስኮትላንድ ዊክ 1,180። እንደ ሴስና ሲጄ3 ፕላስ ያለው ትንሽ ጄት በአንድ ሙሊት ወደ 3,700 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በየመንገዱ ሄዶ የሚመለስበት ነዳጅ ይዞ ይነሳል ማለት ነው። በዚያው ነፋስ የናርሳርሱዋክ ሬይካቪኩን ብናሰላ ከመጥፎዋ ነጥብ እስከ መሬት 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነው። ናርሳርሱዋክ ራሷ ቀላል ሜዳ አይደለችም። ፊዮርድ በሚሉት ጠባብ የባህር ሰርጥ ውስጥ፣ በተራራ መሃል ናት፤ አየሩ ሲዘጋ ይዘጋል። ለዚህም ነው ሌላ ማረፊያ የሚበቃ ነዳጅ ሳይያዝ ወደ እሷ የማይኬደው።

አንድ መንገድ ግን ለጸሐፊው እተውለታለሁ። ከካሊፎርኒያ ሃዋይ ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃል ላይ አንድም ማረፊያ የለም። ለትንሽ ጄት ያ ርቀት አፍ እስከ ገደፉ ነው። ነፋሱ ከፊት ከሆነ አይሞከርም። ጸሐፊው «ሃዋይ በትንሽ ጄት አደገኛ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይሄን ምላሽ አልጽፍም ነበር። እሱ ግን አንዱን ጠባብ በር አይቶ ቤቱ በሙሉ በር የለውም አለ።

ራዳሩን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ጊዜ ያለፈበት ነገር ነው። ውቅያኖስ መሃል የመሬት ራዳር አይደርስም፤ ይሄ ትክክል ነው። ነገር ግን ከ2019 ጀምሮ ሰሜን አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኖች የሚልኩትን ቦታ ሳተላይት ተቀብሎ በሰከንዶች ውስጥ ለተቆጣጣሪዎቹ ያደርሳል። የሳተላይት ስልክ አለ። ለረጅም ርቀት የሚያገለግል ኤችኤፍ ሬዲዮ አለ። በዙሪያህ ደግሞ በየሌሊቱ በመቶ የሚቆጠሩ ትልልቅ አውሮፕላኖች ያልፋሉ፤ በ123.45 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አውሮፕላኑ ቢወድቅ እንኳ በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ መሣሪያ አለ። እርግጥ አንዳንድ ትንንሽ ጄት ኤችኤፍ ሬዲዮ ሳይገጠምለት ይሸጣል። ያ ለባለቤቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ከባዱ ነጥብ ውሃ ላይ ማረፍ ነው። ጸሐፊው የኮሞሮሱን አደጋ ሲያነሳ ልቤን ነክቶታል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር። የአየር መንገዳችን የበረራ ቁጥር 961 ተጠልፎ ነበር። ጠላፊዎቹ ካፒቴን ልዑል አባተን ነዳጅ እስኪያልቅ አስበረሩት። ሁለቱም ሞተር ቆሞ፣ ኮክፒት ውስጥ ትግል እያለ፣ 767ን ያህል አውሮፕላን ባህር ዳርቻ አጠገብ አሳረፈው። ከ175 ሰው 125 አለቀ፣ 50 ተረፈ። በሙያችን ውስጥ ያለን ሰዎች ያንን ቀን አንረሳውም።

ግን እስቲ ጸሐፊው «ጃኬቱ ለማጽናኛ ነው» ብሎ ያለፈውን ቆም ብለን እንየው። ከሞቱት ብዙዎቹ ጃኬቱን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ነበር። ውሃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው ገፋቸው፤ ወርደው በበሩ መውጣት አልቻሉም። ጃኬቱ የማይረባ ስለሆነ አልነበረም። መቼ እንደሚነፋ አለማወቅ ነው ያጠፋቸው። ዛሬ ሆስተሷ «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ» ስትል ስልካችሁን የምታዩ ሰዎች፣ እባካችሁ ስሟት። ከዚያ አደጋ የሚወጣው ትምህርት የጸሐፊው ተቃራኒ ነው። የሚያድነው መሣሪያውና ልምምዱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ሌሎችም አሉ። በ1956 ከሃዋይ ወደ ሳንፍራንሲስኮ ይበር የነበረ የፓን አም አውሮፕላን ሞተሮቹ ችግር ሲገጥማቸው በአንድ የአሜሪካ ባህር ጠባቂ መርከብ ዙሪያ እየዞረ እስኪነጋ ጠብቆ ውሃ ላይ አረፈ። 31 ሰው ነበር፣ 31 ተረፈ። በ2009 ኒው ዮርክ፣ ሃድሰን ወንዝ ላይ 155 ሰው ነበር፣ ሁሉም ወጣ። ወንዝ ነው ትሉ ይሆናል፤ እሺ። በጃንዋሪ 2015 ግን አንድ ፓይለት ብቻውን፣ አንድ ሞተር ባላት ትንሽ ሲረስ ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ ሲበር ነዳጁ ከተጨማሪው ታንክ አልተላለፍ አለው። አስቀድሞ ለባህር ጠባቂዎች አሳወቀ። አቅራቢያው የመንገደኞች መርከብ ወዳለችበት በረረ። የአውሮፕላኗን ጃንጥላ ዘርግቶ ውሃ ላይ ወረደ፣ የሚነፋ ጀልባው ውስጥ ገባ፣ መርከቧ አነሳችው። አውሮፕላኗ ከምንናገርለት ጄት በጣም ያነሰች ናት፤ መንገዱም ያ አስቸጋሪው የሃዋይ መንገድ ነው። ሰውየው ከነነፍሱ ወጣ።

ቀዝቃዛው ውሃ ቶሎ ይገድላል ያለው ግን እውነቱን ነው። ሙያተኞች 1፣ 10፣ 1 ይሉታል። ትንፋሽህን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ አለህ። እጅ እግርህ የሚታዘዝልህ ለ10 ደቂቃ ነው። ራስህን እስክትስት 1 ሰዓት። ለዚህ ነው በሰሜኑ መንገድ ውሃ የማያስገባውን ሙሉ ልብስ እስከ ወገብ ለብሰው የሚበሩት። ያ ልብስ ሰዓቱን ያረዝመዋል። ጀልባው ደግሞ ከውሃው ያወጣሃል።

ስለ ጀልባው ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ላይፍ ራፍት ይሉታል። ሲታጠፍ የጉዞ ሻንጣ ያክላል። ክብደቱ ግማሽ ኩንታል አይሞላም፣ ግን አንድ ሰው በጠባብ ቦታ ሲያነሳው ያስቃትታል። ከጎኑ ገመድ አለው፤ መጀመሪያ ገመዱን አውሮፕላኑ ላይ ታስራለህ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ትወረውራለህ፣ ከዚያ ትጎትታለህ፣ ውስጡ ያለው የጋዝ ሲሊንደር ይነፋዋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ ነፋስ ይወስደዋል። አሁን ልብ በሉ፦ በሲጄ ጄቶች ትልቁ የዕቃ ክፍል ከኋላ ነው፣ በሩም ከውጭ ነው የሚከፈተው። አንዳንድ ባለቤት ካቢኑ እንዳይጣበብ ብሎ ራፍቱን እዚያ ያስገባዋል። እዚያ የገባ ራፍት በረራ ላይ የለም ማለት ነው። የሚያድነውን ነገር ይዘህ ከእሱ ጋር ትሰምጣለህ። ካቢን ውስጥ፣ ሊወጣበት ከታሰበው በር አጠገብ፣ ታስሮ መቀመጥ አለበት።

አንድ ፓይለት ብቻ ስለመሆኑ ጸሐፊው ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ጄቶች በአንድ ፓይለት እንዲበሩ ፈቃድ አላቸው። ሕጋዊ ነው። ለአጭር መንገድ፣ ለሠለጠነና በደንብ ላረፈ ሰው ችግር የለውም። ነገር ግን ለሰዓታት ባህር ላይ፣ በሌሊት፣ በአየር ጠባይ፣ በሬዲዮ፣ በነዳጅ ስሌት መሃል አንድ አእምሮ ብቻ ሲሆን እኔም አልወደውም። የአሜሪካ ደንብ ብቻውን የሚያበር ፓይለት ከ35 ሺህ ጫማ በላይ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አድርጎ እንዲበር ያዛል፤ ግፊቱ ቢጠፋ የሚያነቃው ሌላ ሰው የለማ። አምስት ሰዓት ሙሉ ጭንብል ያደረገ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ገምቱ። ስለዚህ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን የጎረቤቴ ልጅ የተጠራው ሁለተኛ ፓይለት እንዲሆን አይደል? ጽሑፏ የምታወግዘውን ጉድለት ለመሙላት ነው የሚሄደው።

ሕግ የለም የተባለው በቀላሉ ስህተት ነው። በአሜሪካ ደንብ የግልም ቢሆን ባለ ብዙ ሞተር ጄት ከባህር ዳርቻ ከ30 ደቂቃ ወይም ከ100 ኖቲካል ማይል በላይ ሲርቅ ጃኬት፣ ለሁሉም የሚበቃ ራፍት፣ የእሳት ምልክትና የአደጋ አስተላላፊ መያዝ አለበት። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ከ28,500 እስከ 42,000 ጫማ ባለው ሰማይ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ መግባት የለም። ቁጥጥሩ ከአየር መንገድ ይላላል፤ ይሄ ልክ ነው። የላላና የሌለ ግን አንድ አይደሉም።

«ትልቁ ይሻላል» የሚለውም ስሜት በጽሑፏ ውስጥ ተደብቋል። በኦገስት 2001 306 ሰው የያዘ ኤርባስ 330 አትላንቲክ መሃል ነዳጁ አፈሰሰ። ጥገና ላይ ሞተሩ ጋ የማይገጥም ዕቃ ገብቶ ነበር። ሁለቱም ሞተር ቆሞ፣ ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ አዞረስ ደሴት ላይ አረፈ፤ ሁሉም ተረፈ። በመንገዱ ላይ ደሴት ባይኖር ትልቅነቱ አያድነውም ነበር።

ለጎረቤቴ ይሄን ሁሉ ካወራሁ በኋላ ሦስተኛው ቡና ቀርቦ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ለልጇ ደወለች። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ሥራውን ተቀበልም ተውም አላልኩትም፤ የምትጠይቃቸውን ጻፍ አልኩት። ካፒቴኑ ይሄን መንገድ ስንት ጊዜ ሄዷል? እኩል ሰዓት ነጥቡን የሚያሰላው ማነው፣ በ10 ሺህ ጫማስ ተሰልቷል? ሙሉ ልብሱ በአንተ ልክ ነው? ኤችኤፍ ሬዲዮ አለ? በየትኛው በር ነው የምትወጡት፣ ተለማምዳችሁታል? ራፍቱ የት ነው ያለው?

ማታ ላይ ፎቶ ላከ። ራፍቱ ካቢን ውስጥ ነው፣ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ፣ በቀበቶ ታስሯል። ደስ አለኝ። እናቱ ግን ፎቶውን በሁለት ጣቷ እየሳበች አሰፋችው። ጎኑ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ካርድ ነበረች፤ ቀጣዩ ምርመራ የሚደረግበት ወርና ዓመት ተጽፎባታል። እኔ ያላየሁትን እሷ አየችው። «ጋሼ፣ ይሄ ወር አልፏል እኮ» አለችኝ።

አልፏል። ያለፈው በአራት ወር ነው። ልጁ በነጋታው «ራፍቱ ተመርምሮ ሳይመለስ አልሳፈርም» ብሎ ጻፈላቸው። ባለቤቱ አልተቆጣም፤ እንዲላክ አዟል። እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።